የ1931ዱ መዝገብ የት ገባ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። የ12 ዓመት ልጅ አለችን። የቤተሰብ ሐረግ ሠርታችሁ ኑ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። በእኔ በኩል አባቴ በቃላቸው ቆጠሩላት፣ እሷም ጻፈች። በአባቷ በኩል ግን ከአያቷ አባት ወዲያ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እሳቸውም በ1920ዎቹ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር ከመባሉ በቀር ሌላ ወሬ የለም። የ1931ን የሕዝብ ቆጠራ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። የ1951ዱ ደግሞ ዝግ ነው ይለኛል። ሰዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ከማን ነው የሚደብቁት? እሱም ይሁን፣ የሚገኘው ሁሉ ክፈይ ይለኛል። የመንግሥት መዝገብ አይደለም እንዴ?

የልጅቷ እናት

መልስ

እህቴ፣ የ1931ዱን መፈለግ ተዪው። የለም። አንቺ ስላልቻልሽበት አይደለም። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቅጾች በለንደን ምዕራብ ሄይስ በሚባል ሰፈር ተከማችተው ሳለ በዲሴምበር 1942 እሳት ተነሥቶ በላቸው። ጊዜው የጦርነት ስለነበር ብዙ ሰው ቦምብ ያቃጠላቸው ይመስለዋል። እሳቱ ግን ከአየር ድብደባ ጋር አልተያያዘም። በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ ጭራሽ አልተካሄደም። ስለዚህ ከ1921 ቀጥሎ ያለው ቆጠራ የ1951ዱ ነው። መሀሉ ላይ 30 ዓመት ክፍት ቀርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ መዝገቦቹ ላይ ስትፈልጊ እንዳይምታታብሽ።)

ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂው። ወገኖቹ ስኮትላንድ ኖረው ያውቃሉ? የስኮትላንድ የ1931 ቆጠራ ለብቻው ስለተቀመጠ ከእሳቱ ተርፏል። 100 ዓመቱ ሲሞላ ይከፈታል።

እንግሊዝ ከሆኑ ግን ያንን ክፍተት የሚሞላልሽ ሌላ መዝገብ አለ። ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1939፣ መንግሥት መታወቂያ ለማደል ሲል ቤት ለቤት ሕዝቡን መዘገበ። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ያገባ ያላገባ፣ ሥራ፣ ሁሉም አለበት። የልደት ቀን ያልኩሽን ልብ በይ። ቆጠራዎቹ ዕድሜ ነው የሚጽፉት፤ ይኼኛው ቀኑን ከነወሩ ይሰጥሻል። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። መዝገቡ ኋላ ላይ ለአገሪቱ የመንግሥት ሕክምና አገልግሎት ሥራ ስለዋለ፣ ያገቡ ሴቶች አዲሱ የቤተሰብ ስማቸው ከአሮጌው በላይ በቀለም ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በ1939 ልጃገረድ የነበረች ሴት ኋላ ስታገባ ምን የቤተሰብ ስም እንደያዘች አንድ መስመር ይነግርሻል። ወታደር ሆነው ካምፕ የገቡትን ግን እዚያ አትፈልጊ፤ አልተመዘገቡም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። በ1920ዎቹ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር ብለሻል። እንግዲያው የ1921ዱን ቆጠራ ክፈቺ። ያ ቅጽ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ማን ዘንድ ነው የምትሠራው፣ የሥራ ቦታህስ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። የፋብሪካው ስም በቅድመ አያቷ ቅጽ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የፋብሪካውን ስም ካወቃችሁ ደግሞ ብዙ በር ይከፈታል። የድሮ ፋብሪካዎች የደመወዝ መዝገብና ፎቶግራፍ አንዳንዴ በአካባቢው ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ይገኛል። ያ ቆጠራ ለ100 ዓመት ተቆልፎ ኖሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022 ነው የተከፈተው። ሰው በዕድሜው የሚጠብቀውን ቀን ያህል ጠብቄው ነበር።

ለምን ይቆለፋል ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም እንዳንቺ እበሳጭ ነበር። በቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። "ይቅርታ፣ ይኼ ገና ነው" ብዬ የመለስኳቸውን ሽማግሌዎች ፊት አልረሳም። የሚጠይቁት የገዛ እናታቸውን ስም ነበር። ቆይቼ ግን ሌላውንም ጎን አየሁት። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ ሲገባ፣ የምትነግሩን ምስጢር ነው ብሎ ነው። ሰው ያንን አምኖ ያለ ጋብቻ መኖሩን፣ ልጁ የእንጀራ ልጅ መሆኑን፣ ሥራ መፍታቱን ይናገራል። ቃሉ ከፈረሰ በሚቀጥለው ቆጠራ እውነቱን የሚናገር አይገኝም። ያኔ ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፈው ውሸት ይሆናል።

የቆይታው ልክ ግን ስንት ይሁን የሚለው ያከራክራል። አሜሪካ 72 ዓመት ይበቃል ብላ የ1950ን ቆጠራ በኤፕሪል 2022 ለሁሉም በነጻ ከፍታለች። ካናዳ 92 ዓመት ነው የምትለው፤ የ1931ዱን ከፍታለች። እንግሊዝ 100 ትላለች። በዚሁ ስሌት የ1951ዱ የሚከፈተው በ2052 ነው። ልጅሽ ያኔ ወደ 40 ትጠጋለች።

የእኔ ሐሳብ ይኸውልሽ። መቆለፍ ያለበት የሰው መስመር እንጂ መዝገቡ በሙሉ አይደለም። ይህንን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ተሞክሮ ሠርቷል። የ1939ን መዝገብ ስትከፍቺ አንዳንዱ መስመር ጠቁሮ ታዪዋለሽ። ከተወለደ 100 ዓመት ያልሞላውና መሞቱ ያልታወቀ ሰው ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱን ካቀረብሽ ያ መስመር ይከፈትልሻል። የባለቤትሽ አባት ያኔ ሕፃን ከነበሩ የእሳቸው መስመር እንዲህ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጪ። በሕይወት ያለው ይጠበቃል፣ የሞተው ለቤተሰቡ ይሰጣል። የ1951ዱም እንዲሁ ቢደረግ ማን ይጎዳል? ማንም።

ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚገኘው ሰው ሲጠይቅ ነው። የ1911ዱ ቆጠራ በ2012 መጀመሪያ ሊከፈት ነበር የታሰበው። አንድ የቤተሰብ ታሪክ አጥኚ የአንድ ቤት መረጃ ስጡኝ አለ። ተከለከለ። መረጃ ሲከለከል አቤቱታ ለሚያየው ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤት አለ፤ በ2006 መጨረሻ ኮሚሽነሩ ለእሱ ፈረደ። የ1911ዱ ቆጠራ በ1920 ከወጣው የቆጠራ ሕግ በፊት የተደረገ ስለሆነ የ100 ዓመቱ እገዳ በሕግ አያስረውም ነበርና። ቆጠራው በጃንዋሪ 2009 ተከፈተ። ስለ አካል ጉዳትና ስለ አእምሮ ሕመም የሚናገረው አንድ ዓምድ ብቻ ተሸፍኖ እስከ 2012 ቆየ። አየሽ፣ ሌላው ሁሉ ተከፍቶ አንድ ዓምድ ሸፍኖ መጠበቅ ይቻላል። ሦስት ዓመት ለሽማግሌ ብዙ ነው። ያ ሰው አቤት ባይል ኖሮ ስንቱ ሳያይ ያልፍ ነበር።

የእኔ ሟች ባለቤት አንዱ ነው፤ በ2011 ነው ያረፈው። የአባቱን ቤት ቅጽ ያየነው በ2009 ነበር። የ1911ዱ ከቀደሙት የሚለየው በቆጣሪ አልተገለበጠም፤ አባወራው በገዛ እጁ የሞላው ወረቀት ራሱ ነው የተቀመጠው። ባለቤቴ የአያቱን የእጅ ጽሑፍ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። "ኤ"ዋን የሚጥልበት አጣጣል የአባቴ ነው አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ቅጹ ላይ፣ በዚህ ጋብቻ ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንቱ በሕይወት አለ፣ ስንቱ ሞተ የሚል ጥያቄ አለ። አያቱ 5፣ 4፣ 1 ብለው ጽፈዋል። ቤተሰቡ የሚያውቀው አራት ልጅ ነው። አምስተኛውን ማንም አንሥቶት አያውቅም። የልደትና የሞት ማውጫውን አገላብጠን አገኘናት። ሴት ልጅ ነበረች፤ ዓመት ሳይሞላት ነው የሞተችው። ባለቤቴ ስሟን ከአባቱ ስም ጎን በእስክሪብቶ ጻፈው። ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

ስለ ክፍያው፣ እውነትሽን ነው፣ ያስከፋል። የ1921ዱን ብቻ ብንወስድ ከ30,000 በላይ ጥራዝ ነው። ወረቀቱን ማከም፣ ፎቶ ማንሣት፣ ስሙን እየነቀሱ ማውጫ መሥራት ከባድ ሥራ ነው። መንግሥት ከፋይንድማይፓስት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ያሠራው ለዚህ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ያስከፍላል። እኔ ግን ሳልከፍል ነው የሠራሁት፤ አንቺም ትችያለሽ። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄደሽ እዚያው ካሉት ኮምፒውተሮች ላይ በነጻ ታያለሽ። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ለአንባቢዎቻቸው ፋይንድማይፓስትን ወይም አንሰስትሪ የሚባለውን ተመሳሳይ ድረ ገጽ ከፍለው ያስገባሉ፤ ሰፈርሽ ያለውን ጠይቂ። የ1881 ቆጠራ በበጎ ፈቃደኞች ተገልብጦ ፋሚሊሰርች በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ፍሪሴን የሚባለውም በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆጠራዎች ማውጫ ነው። አየርላንድ ደግሞ የ1901ንና የ1911ን ከነምስሉ ለዓለም በነጻ ለቃለች። የሷ ታሪክ ያሳዝናል። ከዚያ በፊት ካሉት ብዙዎቹ በ1922 በደብሊን በተነሣው እሳት ነደዱ፤ የ1881ና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወረቀት እጥረት አለ ተብሎ ተፈጭተው ጠፉ። ለዚህ ይሆናል የተረፈውን ሳይሰስቱ የሰጡት።

ስትፈልጊ ስሙ ላይ ሙጭጭ አትበዪ። በቀደሙት ዘመናት ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ቆጣሪው እንደሰማው ነው የጻፈው። ሃና አና ሆና ትመዘገባለች። የዘመናችን ገልባጭ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ስህተት ይጨምርበታል። ስሙ እምቢ ካለሽ በትውልድ ቦታውና በልጆቹ ስም ፈልጊ። ዕድሜውን ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህና ወዲያ ልቀቂው። የ1841ዱ ላይ ከደረሽ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ወደ አምስቱ እየተጠጋ ነው የተጻፈው፤ 34 ዓመት የሆነው 30 ተብሎ ታገኚዋለሽ።

በ1911 ሴት ቅድመ አያት ከጠፋችብሽ ምናልባት ሆን ብላ ይሆናል። የመምረጥ መብት ይጠይቁ የነበሩ ሴቶች፣ ካልመረጥን አንቆጠርም ብለው ያን ሌሊት ከቤታቸው ወጥተው አድረዋል። ኤሚሊ ዋይልዲንግ ዴቪሰን የፓርላማው ሕንጻ ውስጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ነው ያደረችው። ልጅሽ ይህንን ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ከባለቤትሽ እናት ጋር ተቀመጪ። አማትሽ በሕይወት ካሉ፣ የልጅሽን ቅድመ አያት ሙሉ ስምና የሚስታቸውን ስም፣ የኖሩበትን ከተማ ከእሳቸው ያዢ። እነዚህ ሦስቱ ካሉሽ የ1921ዱን በአንድ ከሰዓት ታገኚዋለሽ። ቅጹን ስታገኚ ማተምሽን አትርሺ፤ ልጅቷ የአሠሪውን ስም ራሷ ታንብበው። ፋብሪካው የቱ እንደሆነ ጻፊልኝ።