ካቶሊክ ያልሆነ ኦርጋን ተጫዋች መቅጠር ይቻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ለጠየቃችሁኝ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። የምናገረው ስለ ላቲን ሥርዓት፣ ማለትም ስለ ሮማው የካቶሊክ አምልኮ ሥርዓት ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቁምስናችን (አጥቢያችን) ኦርጋን ተጫዋች ይፈልጋል። ካመለከቱት ሁሉ ጎበዙ ፕሮቴስታንት ነው። ክልክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቀኖና ሕጉ ተጫዋቹ የግድ ካቶሊክ ይሁን አይልም። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የቅዱስ ሙዚቃ መመሪያ የሚፈልገው፣ ከመጫወት ችሎታው ሌላ የሥርዓተ አምልኮውን መንፈስ ጠንቅቆ እንዲያውቅ ነው። የሀገረ ስብከታችሁ ደንብ ካለ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ቅጠሩት ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ መንፈሱን ማወቁ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ስለ ዐቢይ ጾም ጠይቁት። በጾሙ ሃሌ ሉያ አይዘመርም። ከአራተኛው እሑድና ከበዓላት በቀር ኦርጋኑ ዝማሬን ለመደገፍ ብቻ ይሰማል። ካህኑ የራሱን ጸሎት ሲያሰማ ደግሞ ኦርጋን ዝም ይላል። ከጸሎት ሥር ቀስ እያለ መጫወት የለመደ ሰው እጁ ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው መድቡለት። አንድ ሙሉ የአምልኮ ዓመት አብሮት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከምንባቡ በኋላ ያለውን መዝሙርስ እሱ ይዘምር?

መልስ፦ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ያ መዝሙር ራሱ የእግዚአብሔር ቃል ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የክርስቲያኖች አንድነት መመሪያ በቅዳሴ የሚያነበው ካቶሊክ ይሁን ይላል፤ ሌላ ሰው እንዲያነብ ጳጳሱ መፍቀድ አለበት። መዝሙሩንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ካቶሊክ ይዘምር፣ እሱ ያጅብ።

ጥያቄ፦ ይቆርባል?

መልስ፦ ስለተቀጠረ ብቻ አይቆርብም። ገና ሲቀጠር፣ ለብቻው፣ በአክብሮት ንገሩት። ሰው ፊት እንዳያፍር።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ አለ?

መልስ፦ ሞልቷል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባክ ሉተራዊ (ፕሮቴስታንት) ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1733 የቅዳሴ ዜማ ደርሶ በጀርመን ላለችው ሳክሶኒ ካቶሊክ ገዥ አበርክቷል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ዊልያም በርድ ደግሞ ካቶሊክ ሆኖ በእንግሊዟ ንግሥት በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የአንግሊካን ጸሎት ቤት አገልግሏል።

ጥያቄ፦ የራሳችን ልጅ በነፃ እየተጫወተ ለውጭ ሰው ደመወዝ መክፈል ተገቢ ነው?

መልስ፦ ልጁን ገፍታችሁማ አይሆንም። ቅጥሩ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ አዲሱ ተጫዋች ልጁን በየሳምንቱ ያስተምረው፣ ክፍያውን ቁምስናው ይቻል። ቀለል ያሉትን ቅዳሴዎች ልጁ ከአሁኑ ይጫወት።