ስለ ቦምቡ ሲጠይቁሽ አትሽሺ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በፊዚክስ ተመርቀሻል፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች የኒውክሌር ኃይልን የምታስተዋውቂበት ሥራም አግኝተሻል። አባትሽ «ይሄን ሁሉ የተማርሽው ልጆች ልታጫውቺ ነው?» ይላሉ። አንቺ ደግሞ አንዱ ልጅ ተነስቶ ስለ ቦምብ ቢጠይቀኝስ ብለሽ ፈርተሻል። ማስተርሱም አሳስቦሻል።

ከፍርሃትሽ ልጀምር። ይጠይቁሻል፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ይጠይቁ! እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ፊዚክስ አስተምር ነበር። «እሱን ስታድጉ ትደርሱበታላችሁ» የተባለ ልጅ ጥያቄውን አይተወውም፤ መልሱን ከሚያስፈራ ቪዲዮ ፈልጎ ያመጣል። ስለዚህ በቁጥር መልሺለት። በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም 235 ከመቶ 0.7 ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የኒውክሌር ማመንጫዎች ይህ መጠን ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲደርስ የተደረገ ነዳጅ ይጠቀማሉ፤ ቦምብ ግን 90 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል። ማመንጫው እንደ አቶም ቦምብ የማይፈነዳው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አታቁሚ። እ.ኤ.አ. በ1986 በዩክሬኑ ቼርኖቤል፣ በ2011 ደግሞ በጃፓኑ ፉኩሺማ ስለደረሱት የማመንጫ አደጋዎችም ንገሪያቸው። ፉኩሺማ ላይ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች፣ ማለትም አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣባቸው ክፍሎች፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ቆመው ነበር፤ ግን የውጭው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፣ ሱናሚው መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ፣ ማቀዝቀዣው ሥራ አቆመ፣ ነዳጁ ቀለጠ። የቆመ ሪአክተርም ሙቀት ማውጣቱን እንደማያቆም የ13 ዓመት ልጅ በደንብ ይገባዋል። እውነቱን ከነገርሽው ደግሞ ሌላውንም ያምንሻል።

ትምህርቱን ከውሃ ጀምሪው፣ አቶሙ ይደርሳል። ሙቀት ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። አንዱ አቶም ሲሰነጠቅ ሌላውን የሚያሰነጥቅበትን ሰንሰለታዊ ሂደት በዶሚኖ አሳዪያቸው፤ ከመሃል ጥቂቶቹን ስታነሺ መውደቁ ይቆማል፣ ሪአክተሩ ውስጥ የሚገቡት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ሥራም ይኸው ነው።

አባትሽ ተሳስተዋል። ከባድ ነገር ለ12 ዓመት ልጅ ማስረዳት የቻለ ሰው ማመንጫ አጠገባቸው ሊሠራ ነው ተብለው ለተደናገጡ ነዋሪዎችም፣ በጀት ለሚያጸድቅ ባለሥልጣንም ያስረዳል፤ በዚህ ዘርፍ እንዲህ ያለ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ጭቅጭቁ የክብር ሳይሆን የደሞዝ ከሆነ ግን ገቢና ወጪውን ወረቀት ላይ አስፍሪና አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ማስተርሱ አንድ ሁለት ዓመት ቢዘገይ የትም አይሄድም።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የትምህርቱን ይዘት የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ስለ አደጋዎቹ እንዳታነሺ ከከለከሉሽ አትፈርሚ።