የፍሎረንስ ፒውን ታሪክ ለልጅሽ ሙሉውን ንገሪያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 16 ዓመቷ ነው። የጂሲኤስኢ ፈተናዋን፣ ማለትም እንግሊዝ አገር ልጆች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚፈተኑትን ፈተና ጨርሳለች። ትምህርት በቃኝ፣ የፊልም ተዋናይ ነው የምሆነው ብላለች። ስትቆጪያት ደግሞ የእንግሊዟን የፊልም ተዋናይ እየጠቀሰች «ፍሎረንስ ፒው ድራማ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው እዚህ የደረሰችው» እያለች ትከራከርሻለች። አባቷ ጭራሽ አይሆንም ብሏል። አንቺ መሃል ላይ ሆነሽ ምን ልበላት ብለሽ ጠየቅሽን። ከላይ የመለሱልሽ ብዙዎቹ «ነርሲንግ ትማር» ነው ያሉት። እኔ ነገሩን ከቅርብ ስለማውቀው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እዚሁ ለንደን ውስጥ ቻፐሮን ሆኜ እሠራለሁ። ልጆች ፊልም ወይም ማስታወቂያ ሲሠሩ ወላጅ በሌለበት በወላጅ ቦታ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ ማለት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው፣ የወንጀል መዝገብም ይጣራል። ሥራዬ ሰዓት መቁጠር ነው፤ ምሳ መብላታቸውን ማየት፣ ሲበርዳቸው ጃኬት ማልበስ፣ ሲደክማቸው ደግሞ ዳይሬክተሩ ፊት ቆሜ «በቃ» ማለት። ስለዚህ የምነግርሽ ነገር ከመጽሔት ብቻ ያነበብኩት አይደለም።

ልጅሽ ያለችው እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ፍሎረንስ ድራማ ትምህርት ቤት አልገባችም። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገርሽ።

የተወለደችው ኦክስፎርድ ነው፣ በጃንዋሪ 1996። አባቷ ከተማው ውስጥ ካፌና ምግብ ቤቶች ነበሩት፣ እናቷ ዳንሰኛ ነበረች። አራት ልጆች ናቸው። ወንድሟ ቶቢ ሴባስቲያን ዘፋኝና ተዋናይ ነው፣ ጌም ኦፍ ትሮንስ በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የዶርኑን ልዑል ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። ታላቅ እህቷም በዚሁ በትወና ሙያ ውስጥ ናት። እንግዲህ ይህች ልጅ ያደገችው ቤት ውስጥ መዝፈንና መደነስ እንደ ነውር በማይታይበት፣ ኦዲሽን የሚባለው የትወና ፈተና ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ባሉበት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፣ የለም ማለት ግን አይቻልም ማለት አይደለም።

ሕፃን ሳለች ታማሚ ነበረች። የመተንፈሻ ቧንቧዋ ግድግዳ ለስላሳ ስለነበር ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። ቤተሰቡ ሞቃት አየር ይሻላታል ብሎ ሦስት ዓመት ሲሆናት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ስፔን ሄደ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ተመለሱ። ዛሬ ፊልም ላይ የምንሰማው ያ ወፍራምና ሻካራ ድምጿ ከዚያ በሽታ የቀረ ነው። ሰዎች አሁን ውበቷ ነው ይሉታል። አስቢው፣ ያንን ድምፅ ይዛ ነው በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ጊታር እየመታች ዘፈን እየቀረጸች ዩቲዩብ ላይ የምትለቀው። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከፈላትም። ልጅሽ ከልቧ ከሆነ እንዲህ ዓይነት ምልክት ታያለሽ። ካሜራ ባይኖርም ትሠራለች።

የመጀመሪያ ፊልሟን ያገኘችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። ዘ ፎሊንግ ለሚባል ፊልም አዲስ ፊት ፈልገው ለተማሪዎች ክፍት ጥሪ አወጡ፣ እሷም ተወዳደረችና ተመረጠች። ሲቀረጽ 17 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ በ2014 ለእይታ በቃ። ልብ በይ፣ ትምህርቷን አቋርጣ አይደለም። ይህንን ለልጅሽ ረጋ ብለሽ ንገሪያት። ደግሞም እንግሊዝ አገር እስከ 18 ዓመት ድረስ በሆነ መንገድ ትምህርት ወይም ሥልጠና ላይ መሆን ግዴታ ነው። «አቋርጣለሁ» የሚለው ነገር ከመጀመሪያውም እንደምታስበው ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከዚያ ፊልም በኋላ በ2015 አሜሪካ ወሰዷት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ተመረጠች። ዕድሜዋ 19 ነው። ማንም ወጣት «በቃ ደረስኩ» የሚልበት ቀን ነው። እሷ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረችው ግን እዚያ የጠበቃት ሌላ ነበር። ክብደትሽን ቀንሺ፣ የፊትሽ ቅርጽ፣ ቅንድብሽ እንዲህ ይሁን። ችሎታዋን አይተው የወሰዷትን ልጅ መልኳን ሊቀይሩ ተነሱ። ትልቅ ስህተት የሠራሁ መሰለኝ ብላለች። ድራማው ሳይቀጥል ቀረ። እሷም ወደ አገሯ ተመለሰች።

ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሰበሩት። አይቻለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የ13 ዓመት ልጅ ልብስ እየለካች፣ ልጅቷ እየሰማች፣ ስለ ሆዷ አስተያየት ሰጠች። በክፋት አልነበረም፣ እንደ ሥራ ነገር ነው የተናገረችው። ልጅቷ ምሳዋን ሳትነካ ዋለች። እኔ የልብስ ክፍሉን ኃላፊ ጠርቼ ስለ ልጅ ሰውነት ልጅ ፊት እንዳይወራ ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቁ። ግን ያንን ማለት የቻልኩት ሕጉ እዚያ ስላስቀመጠኝ ነው። እና እህቴ፣ ልብ በይ፦ ሕጉ የሚጠብቀው የግዴታ ትምህርት ዕድሜያቸውን ያልጨረሱትን ነው። ልጅሽ 16 ሞልታ ያ የትምህርት ዓመት በጁን መጨረሻ ከተዘጋ በኋላ የካውንስል ፈቃድ አያስፈልጋትም፣ እንደ እኔ ዓይነት ሰውም አጠገቧ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ የለም። እስከ ዛሬ ብትሠራ ኖሮ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በላይ ቀረጻ ቦታ አያቆዩአትም ነበር፣ ትምህርቷንም እዚያው ያስተምሯት ነበር። አሁን ይህ ሁሉ ይነሳል። ልትገባበት ያሰበችው ልክ ጠባቂ በማይኖርበት ሰዓት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው እንጂ ትወናው አይደለም።

ፍሎረንስን ያዳናት ምንድን ነው? ትንሽ ፊልም ነው። ከአሜሪካ በተመለሰች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌዲ ማክቤዝ ለሚባል ፊልም ተፈተነች። የፊልሙ በጀት ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፣ ያ ለፊልም ምንም ማለት አይደለም። የተቀረጸው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በብርድ አገር፣ በጥቂት ሳምንታት ነው። ታሪኩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በግድ ተድራ ቤት ውስጥ ስለተዘጋባት ወጣት ሚስት ነው። ፊልሙን ካላየሽው እይው፣ ብቻሽን ግን እይው፣ ከልጅ ጋር የሚታይ አይደለም። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ ሙሉውን ቤት ስትቆጣጠር ታያለሽ። እኔ ያኔ ነው እሷን መከታተል የጀመርኩት፣ ከዚያ በኋላ አንድም ሥራዋ አላመለጠኝም። እዚያ ፊልም ላይ ማንም ቅንድቧን አልነካም። ሰውነቷም ፊቷም እንዳለ ነው የተፈለገው። በ2017 የብሪታንያ ነፃ ፊልሞች ሽልማት ላይ ምርጥ ተዋናይት ተባለች። እሷ ራሷ ሲኒማን እንደገና እንድወድ ያደረገኝ ይህ ፊልም ነው ብላለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጅሽ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ በአጭሩ ልለፈው። በ2019 ብቻ ሦስት ትልልቅ ፊልሞች ወጡላት። አንዱ ላይ ከኖርዊች የወጣች የነፃ ትግል ተጫዋች ሆና ተጫወተች፣ ትግሉን በእውነተኛ ተመልካች ፊት ሎስ አንጀለስ አዳራሽ ውስጥ ገብታ ነው የሠራችው። ሁለተኛው ሚድሶማር ነው፣ ሦስተኛው ሊትል ዊመን። በሊትል ዊመን ኤሚ ማርችን ሆና ለኦስካር በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። የ24 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ብላክ ዊዶው መጣ፣ ኦፐንሃይመር፣ የዱን ሁለተኛው ክፍል፣ ከአንድሩ ጋርፊልድ ጋር የሠራችው የፍቅርና የካንሰር ታሪክ፣ ለዚያኛው ፀጉሯን በእውነት ተላጭታለች። በ2025 በወጣው ተንደርቦልትስ ደግሞ ኳላ ላምፑር ካለው መርዴካ 118 ሕንፃ ጫፍ ላይ ራሷ ዘላለች። በዓለም በቁመት ሁለተኛው ሕንፃ ነው። በገመድ ታስራ ቢሆንም እኔ እናቷን ነው ያሰብኩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል፣ ሚድሶማር ላይ። ፊልሙ ስዊድን ውስጥ የሆነ ነው የሚመስለው፣ የተቀረጸው ግን ሃንጋሪ ሜዳ ላይ በ2018 በጋ ነው። የምትጫወታት ልጅ ቤተሰቧ በሙሉ ያለቀባት ናት። ያንን ለቅሶ ለማምጣት ስለ ራሷ ቤተሰብ ክፉ ክፉ ነገር እያሰበች፣ ቀን በቀን ራሷን እየጎዳች እንደሠራች በኋላ ተናግራለች። ሲያልቅ ወዲያው ወደ አሜሪካ በርራ ሊትል ዊመንን ጀመረች። ሀዘኑ ግን ለረጅም ጊዜ አብሯት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ራሴን እንደዚያ አልጎዳም ብላለች። ይህንን ያነሳሁት ሰዎች ስለዚህ ሥራ ሲያወሩ ገንዘቡንና ልብሱን ብቻ ስለሚያወሩ ነው። ሲለቀስ ሰውነት ውሸቱን አያውቅም። እኔ የምጠብቃቸው ልጆች የሚያለቅሱበት ትዕይንት ካለቀ በኋላ ሻይ ይዤላቸው አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ እግር ኳስ እናወራለን፣ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ልጅሽ ከሥራ ስትመለስ ይህንን የምታደርጊላት አንቺ ነሽ።

ስለ ሰውነቷም የሚወራው አላቆመም። በ2022 ሮም ውስጥ ስስ ሮዝ ቀሚስ ለብሳ በመታየቷ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ወንዶች ሰደቧት። እሷም በኢንስታግራም በግልጽ መለሰችላቸው። ልብሱን እኔም ለልጄ አልመርጥላትም፣ መልሷን ግን እመርጥላታለሁ። 19 ዓመቷ ላይ ተሸማቃ የወጣችው ልጅ በ26 ዓመቷ ቀና ብላ መለሰች። በመሃል ያለው ሰባት ዓመት በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም።

እኛን የመሰለ ሰው እዚያ አይደርስም ለምትሉ፣ ተዋናይቷ ሩት ነጋ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበር። በ2017 ለኦስካር በምርጥ ተዋናይት ታጭታለች። እሷ ደግሞ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተምራ ነው የጀመረችው። መንገዱ ብዙ ነው። የልጅሽ አባት «የኛ ሰው ሥራ አይደለም» ካለሽ ይህንን ንገሪው።

እንግዲህ ምን አድርጊ ነው የምልሽ? መጀመሪያ ትምህርቷን ትቀጥል፣ ከጂሲኤስኢ በኋላ የሚወሰደውን ኤ ሌቭል ወይም ሙያ ላይ የሚያተኩረውን ቢቴክ፣ ድራማን እንደ አንድ ትምህርት ወስዳ። ናሽናል ዩዝ ቲያትር የሚባለው የወጣቶች ቲያትር ድርጅት ከ14 እስከ 25 ዓመት ያሉትን በኦዲሽን ይቀበላል፣ ሔለን ሚረንና ዳንኤል ክሬግ ያለፉበት ነው። እዚያ ትሞክር፣ የትምህርት ወጪ እርዳታም ጠይቂ። ካልተቀበሏት በሚቀጥለው ዓመት ደግማ ትሞክር። ደግማ መሞከር ካልፈለገች እሱም መልስ ነው።

ኤጀንት ነኝ ብሎ መመዝገቢያ ወይም የፎቶ ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ስልኩን ዝጊ። ትክክለኛ ኤጀንት የሚያገኘው ልጅሽ ሥራ ስታገኝ ከክፍያዋ በፐርሰንት ነው፣ ከዚያ በፊት ከአንቺ ኪስ ምንም የለውም። በዚህ የተበሉ የሐበሻ እናቶች አውቃለሁ፣ አንዷ ለፎቶ ብቻ የወር ደሞዟን ሰጥታለች።

ኦዲሽን ስትሄድ ብቻዋን አትላኪያት። ከውጭ ቁጭ በይ፣ መጽሐፍ ያዢ። ሆቴል ክፍል ወይም የግለሰብ ቤት ከተባለ አይኬድም፣ ምንም ዓይነት ትልቅ ስም ቢጠራ። ውል ሲመጣ ሳትፈርሙ የተዋናዮች ማኅበሩ ኢኩዊቲ ምን እንደሚል እዩ። እርቃን የሚያሳይ ነገር ካለ ሁሉም በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ደግሞም 18 ሳትሞላ ጨርሶ አይነሳም።

ስለ መልኳ ደግሞ ከቤት ጀምሪ። እኛ ሐበሾች «ወፍረሻል» «ከስተሻል» ማለት ሰላምታ አድርገነዋል። በፍቅር ነው የምንለው፣ አውቃለሁ። ይህችን ልጅ ግን ነገ ሌሎች በገንዘብ ሊሏት ነውና ቤቷ ውስጥ አትስማው። ለአክስቶቿም ንገሪያቸው።

አባቷን በተመለከተ፣ አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤቷ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ቲያትር ላይ ስትሠራ ይዘሽው ሂጂ። ብዙ አባቶች ልጃቸው መድረክ ላይ ስትቆም አይተው አያውቁም፣ የሚፈሩት ያላዩትን ነው። አይቶም እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ቢያንስ የምትከራከሩት ስለምታውቁት ነገር ይሆናል።

የትኛው ከተማ እንዳላችሁ አልጻፍሽም። ለንደን ከሆናችሁ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያስተምሩ የወጣት ቲያትር ቡድኖችን ዝርዝር በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ ማንቸስተር ወይም ሊድስ ከሆናችሁ ደግሞ እዚያ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፣ አገናኝሻለሁ። የናሽናል ዩዝ ቲያትር ምዝገባ በየዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ስላለው ዛሬውኑ ድረ ገጻቸውን እይው።