ሰርዶው ጠዋት ማታ እየጠጣ ለምን ይጠወልጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢዬ ውስጥ ሰርዶ ተክያለሁ። ጠዋትና ማታ ባጠጣውም ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ኮምፖስት በውሃ ዘፍዝፌ ባርከፈክፍበት የማጠጣው ውሃ ይቀንስልኛል ወይ? አዘገጃጀቱንም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ፈሳሹ ብቻውን ውሃ አይቆጥብልዎትም። እርጥበት ይዞ የሚያቆየው ኮምፖስቱ ራሱ ነው። አሸዋ የበዛበት አፈር ያጠጡትን ቶሎ ወደ ታች ያሰርገዋል፤ የተረፈውን ደግሞ የድሬ ሐሩር ይመጥጠዋል። ስለዚህ ክረምቱ ሊገባ ሲል በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በወንፊት ነፍተው ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበትኑበትና በመጥረጊያ ወደ ሥሩ ያስገቡት። የሳሩ ጫፍ ይታይ፤ ከተሸፈነ ይታፈናል። ለኮምፖስቱ የሚሆን ገራባ (የጫት ትራፊ) እና የፍየል ፍግ ከተማው ውስጥ ሞልቷል፤ ግን የገራባው እንጨት ካልተከታተፈ ቶሎ አይበሰብስም።

ፈሳሹ ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያንንና ጥቂት ምግብ ይጨምራል። አንድ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት በጆንያ አስረው አሥር ባልዲ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን አስቀድሞ ክፍት በርሜል ውስጥ ይደር። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ፤ አየር እንዲያገኝ በቀን ደጋግመው ያማስሉት። ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ ካለው ደርሷል፤ ከገማ ሳሩ ላይ እንዳያፈሱት። ስኳርም ሞላሰስም አይጨምሩ፤ በሽታ አምጪ ጀርሞችም ይባዙበታል። ጥሬ ፍግ ደግሞ ልጆች በሚጫወቱበት ሳር ላይ ፈጽሞ አይሆንም። የደረሰውን በዚያው ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ያርከፍክፉት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፦ አጠጣጥዎ ነው። ጠዋት ማታ ላይ ላዩን የሚጠጣ ሳር ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፤ ቀትር ላይ የሚጠወልገውም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡና ረዘም ያለ ካቻቢቴ አፈሩ ላይ ይጫኑ። ሳይቸገር 15 ሴንቲ ሜትር ከገባ በቂ ነው። ከዚያ ይጠብቁ። ሲረግጡት ቀና ሳይል የእግርዎ ዱካ ከቀረበት ተጠምቷል፤ በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ያጠጡት። የለመደውን ግን በአንድ ጊዜ አይንፈጉት፤ መጀመሪያ በቀን አንዴ፣ ቀጥሎ በሁለት ቀን፣ ኋላ በሦስት ቀን እያሉ ያራዝሙት።

ሲያጭዱም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ፤ ብጥስጣሹን እዚያው ይተዉት፤ አፈሩን ከፀሐይ ይከልልለታል።