ለሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ?

ጀልባዎ ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል እየተነሣ ቀኑን ሙሉ ጎብኚ የሚያመላልስ ከሆነ፣ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ከሆኑት ከቱ ስትሮክ (በሁለት የፒስተን ምት አንዴ ነዳጅ ከሚያቃጥለው) እና ከፎር ስትሮክ (በአራት ምት አንዴ ከሚያቃጥለው) ሞተሮች ፎር ስትሮኩን ይግዙ።

ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ ስለሚያቃጥል፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ባላቸው ላይ ደግሞ ከሚገባው ነዳጅ የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጉማሬ ለማሳየት በዝግታ ሲጠጉ ጭሱ ተሳፋሪው ላይ ይተኛል፣ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላም ቶሎ ይጠቁራል። ፎር ስትሮክ ግን ዘይቱን ለብቻው ይይዛል፣ በዝግታ ሲሄድም ድምፁ ረጋ ያለ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ዋጋው መወደዱ አይካድም፤ ዘይቱም በአብዛኛው በየ100 ሰዓቱ መቀየር አለበት። ሞተሩን በየማታው ፈትተው በትከሻዎ የሚያስገቡ ዓሣ አስጋሪ ቢሆኑ ኖሮ፣ ክብደቱ ቀለል ያለውን ቱ ስትሮክ እመክርዎ ነበር።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሞተሮች ከተጻፈባቸው ጉልበት ከ10 በመቶ በላይ ያጣሉ። ሻጩ ይህን አይነግርዎትም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ፎር ስትሮክን በመመሪያው ከተመለከተው ጎን በቀር አያስተኙት። እኔ ባጃጅ ላይ በተሳሳተው ጎን አስተኝቼው ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ገባና፣ በማግስቱ የማስነሻ ገመዱ አልሳብ አለ፤ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ዘይቱን እስካወጣ ድረስ ግማሽ የሥራ ቀን ባከነብኝ።