«ወንድሜን ወሰዱት፤ ጣቢያው ግን እኛ ጋር የለም ይላል»

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ መምህር ነው። ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ጦርነቱ ፌስቡክ ላይ ይጽፋል። ማክሰኞ ሌሊት ሲቪልም ዩኒፎርምም የለበሱ ሰዎች ቤታችን ገብተው ከነስልኩና ከነላፕቶፑ ወሰዱት። የፍርድ ቤት ወረቀት አላሳዩንም። ሁለት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ፤ «እኛ ጋር የለም» አሉኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። የጻፋቸውን ነገሮች ላጥፋለት? ዝም ብዬ ልጠብቅ ወይስ ልጩህ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ቀጥሎ ደግሞ አትጠብቂ። «ትንሽ ቀን እንይ፣ ነገሩ ይረግባል» የሚሉሽ ዘመዶች ይኖራሉ። ክፋት የላቸውም፤ ፈርተው ነው። ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልቁ አደጋ የተያዘው ሰው የትኛውም መዝገብ ላይ አለመስፈሩ ነው። ያለበት ቦታ የታወቀ፣ ዳኛ ያየው ሰው ላይ እጅ ለማንሳት ይከብዳል። የዛሬ ሥራሽ ወንድምሽ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ወንድምሽ የተያዘው እዚሁ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ሐሙስ ሌሊት አልቋል። ለምን እንደተያዘም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባ ነበር።

«አስቸኳይ ጊዜ ነው» ቢሉሽ የትኛው አዋጅ እንደሆነ ጠይቂ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለ6 ወር ታውጆ በ4 ወር ተራዝሞ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። በሥራ ላይ ያለ አዋጅ ከሌለ 48 ሰዓቱ ለሁሉም ሰው ይሠራል። አዋጅ ቢኖር እንኳ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 አይታገድም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት።

አሁን ወደ ፍለጋው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ስንቅ ይዘሽ ሂጂ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ሲጠየቅ «የለም» ይል ይሆናል፤ ስንቁን ከተቀበለሽ ግን ሰውዬው እዚያ አለ። ማን ተቀበለሽ፣ በስንት ሰዓት፣ ዕቃው ተመለሰ ወይ፣ ምግቡ ተበልቷል ወይ፣ ሁሉንም ጻፊ። ብቻሽን አትሂጂ፤ አብሮሽ ያለው ሰው ነገ ምስክር ይሆናል። ሌሊት የመጡት በምን መኪና እንደመጡ፣ ታርጋውን ያየ ጎረቤት ካለ፣ ወንድምሽ ምን ለብሶ እንደነበር ዛሬውኑ ከትውስታ ሳይጠፋ መዝግቢ። በሁለተኛው ቀን ሰው ይረሳል፤ በሦስተኛው ይፈራል።

ካጣሽው ወይም መኖሩን አውቀሽ ፍርድ ቤት ካላቀረቡት፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቅርቢ። ብዙ ሰው ይህን መንገድ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ይተወዋል። እኔ አልስማማም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ታሳሪው ራሱ መፈረም የለበትም፤ እህቱ ማቅረብ ትችያለሽ። አቤቱታው ላይ የማን እጅ ላይ ነው ብለሽ እንደምታምኚ፣ የት እንደታሰረ፣ ምስክሮችሽ እነማን እንደሆኑ ትጽፊያለሽ፤ ቃለ መሐላ ይያያዛል። ፌደራል ፍርድ ቤት ሄደሽ ሬጅስትራሩን ብትጠይቂ የትኛው ምድብ እንደሚያየው ይነግርሻል። ፍርድ ቤቱ ለያዘው አካል መጥሪያ ይልካል፤ ሰውዬውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደማትለቀውም አስረዳ ይለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። አንደኛው፣ መጥሪያው ሲደርስ ፖሊስ ወንድምሽን ወዲያው ጊዜ ቀጠሮ ችሎት፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀናት የሚጠይቅበት ችሎት፣ ያቀርበዋል። ያኔ አቤቱታሽ ይዘጋ ይሆናል፤ አትዘኚ፣ የፈለግሽው ይኸው ነው፤ ዳኛ ፊት ቀረበ። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ «እኛ ጋር የለም» ብለው በጽሑፍ ይመልሳሉ። የስንቁ ማስታወሻና ምስክሮችሽ የሚያስፈልጉሽ ያኔ ነው።

ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ ይኑረው። አቅም ካጣችሁ ክስ ሲመሠረት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ ይቻላል፤ እስከዚያ ግን በነፃ የሚቆም ጠበቃ ፈልጉ፣ አሉ። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ቀናት ይጠይቃል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ጠበቃው «ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራችሁ?» ብሎ አጥብቆ ይጠይቅ። ጽሑፎቹ እንደሆኑ ፌስቡክ ላይ አሉ፤ ስልኩና ላፕቶፑም ተይዘዋል። ሰው አስሮ የሚፈለግ ምን ቀረ?

ይህ ወደ ሌላው ጥያቄሽ ይወስደኛል። የጻፈውን አታጥፊ። በይለፍ ቃሉ ገብተሽ አንዱንም አትንኪ። ፖሊስ ዋስትና ሲቃወም ከሚያቀርባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ «ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋል» የሚል ነው፤ አንቺ ብታጠፊ ይህን በእጃቸው ሰጠሻቸው ማለት ነው። ይልቅ ሙሉ ጽሑፎቹን ከነቀናቸው ቅጂ ያዢ። ተቆርጦ የቀረበ ዓረፍተ ነገር ሌላ መልክ ይይዛል።

ደግሞም ጽሑፎቹ ሊጠቅሙት ይችላሉ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አዋጁ ራሱ ግን ከዜና ዘገባ ይልቅ ወደ ፖለቲካ አስተያየትና ትችት ያደላ ንግግርን ሐሰተኛ መረጃ ነው ብሎ አይቀጣም። «ኑሮ ከበደ፣ ጦርነቱ ይብቃ» ማለት አስተያየት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሚጠብቀውም ይህን ነው።

እሱን ስታገኚው፣ ከምንም በላይ ዝም የማለት መብት እንዳለው ንገሪው። ተገድዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት አይያዝበትም። ቃሉን ከመፈረሙ በፊት ያንብብ፤ «ስልክህን ክፈት» ሲባል «ጠበቃዬን ላማክር» ይበል። ጉዳት ካለው ዳኛው ፊት ይናገር፣ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ሕክምና ይጠየቅለት። ቤተሰብ፣ ጠበቃና ሐኪም እንዲጎበኙት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል።

ዋስትና ቢፈቀድና ገንዘቡ ተከፍሎም ባይለቁትስ? ይህ እየተለመደ መጥቷል፣ በጣም ያሳዝነኛል። «ይግባኝ ብለናል» ቢሉሽ ይግባኝ ብቻውን ትእዛዝ አያስቆምም፤ የእግድ ወረቀት እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ወረቀት ከሌለ ትእዛዙን ወደ ሰጠው ችሎት በዚያው ቀን ተመለሺና ትእዛዙ እንዳልተፈጸመ በጽሑፍ አመልክቺ። ለሌላ የፖሊስ አካል አሳልፈው ከሰጡትም ለማን፣ መቼ፣ በምን ደብዳቤ እንደሆነ ይጻፍልሽ። በሕገ ወጥ መንገድ ሰው ማሰር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ራሱ ወንጀል ነው፤ ኃላፊዎቹ ያውቁታል።

ልጩህ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን በልክ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክቺ፤ የደረሰኙን ቅጂ ያዢ። ኮሚሽኑ እስር ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከጻፍሽ ደግሞ ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ እስከ አሁን ፍርድ ቤት አለመቅረቡን ብቻ ጻፊ። ያላየሽውን አትጨምሪ፣ የፖሊሶቹን ስምና ፎቶ አትለጥፊ። በሰፈር የሚወራ ነገርም እውነት መሆኑ ሳይረጋገጥ አይግባበት።

ሰኞ ጠዋት ጠበቃ ጋ ስትሄጂ የወንድምሽን መታወቂያ ቅጂ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውን፣ የጽሑፎቹን ቅጂና ያ የስንቅ ማስታወሻሽን ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ በፊት ካገኘሽው፣ የት እንዳለ ጻፊልኝ።