አይሱዙው ደኑ በር ላይ ይቁም

በዚህ ዓምድ ስለ ደን፣ ስለ ዛፍና ስለ መሬት ለሚደርሱን ጥያቄዎች ሠላሳ ዓመት ገደማ በደን ባለሙያነት ሠርተው ጡረታ የወጡት አምደኛችን ከባሕር ዳር ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ባለ አንድ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የባሕር ዛፍ ቦታ አለችኝ። ከእሷ ወደ ጠጠሩ መንገድ የሚያወጣኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም 600 ሜትር ያህል በማኅበረሰቡ ደን ውስጥ ያልፋል። ዓምና በነሐሴ አጠና የገዛኝ ነጋዴ አይሱዙ አስገባ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎትቶ ወጣ፤ መንገዱም የታረሰ ማሳ መሰለ። የደን ኮሚቴው ግንድ አጋድሞ ዘጋብኝ። አሁን በራሴ ወጪ ድንጋይና ገረጋንቲ ላለብሰው፣ መታጠፊያው ላይ መኪና የሚያስቸግሩትን ሁለት ዋንዛና አንድ ብሳና ላነሣ አስቤያለሁ። ቀበሌ ስሄድ «የወረዳ ጉዳይ ነው» ይሉኛል፤ ወረዳ ስሄድ «ከቀበሌ ጨርሰህ ና»። ኮሚቴው ደግሞ በአንድ መኪና 2,000 ብር ክፈል ይላል። ለመሆኑ ፈቃድ ሰጪው ማን ነው? የመክፈልስ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በበሬ ተጎትቶ ወጣ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በነሐሴ በዚያ ቀይ ጭቃ ላይ በሬ ሲጎትተው ያየሁት አይሱዙ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሾፌር ገመዱን ከመጀመሪያው አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

የጠየቁት አንድ ፈቃድ ይመስላል እንጂ አራት ነው። ቀበሌና ወረዳ የሚያመላልሱዎትም አራቱን በአንድ ማመልከቻ ስላስገቧቸው ይመስለኛል። በደኑ ውስጥ ማለፍ ለብቻው ነው። መንገዱን መጠገንም ለብቻው፣ ዛፍ ማንሣትም እንደዚሁ። የተቆረጠውን እንጨት ጭኖ ኬላ ማለፍ ደግሞ አራተኛው ነው። ሾፌሮች ይህን የመጨረሻውን ወረቀት እያሳዩ «ፈቃድ አለኝ» ብለው ደን ይገባሉ። ያ ወረቀት እንጨቱ የማን እንደሆነና ከየት እንደተቆረጠ ለኬላ ጠባቂው ይናገራል፤ ጎማው በየት እንዲያልፍ የተጻፈበት ነገር የለም።

ማለፉን እናስቀድም። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደንን በባለቤትነት ለአራት ይከፍለዋል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። የእርስዎ ባሕር ዛፍ የግል ነው፤ የሚያልፉበት ግን የማኅበረሰቡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያንኳኩት ደጅ ያው ግንድ ያጋደመብዎት ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ የደኑ ጠባቂ እንጂ ብቻውን ባለቤት አይደለም። የደኑ ተጠቃሚዎች ጉባኤ ያጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ እሱን አሳዩኝ ይበሉ። በደንቡ ተሽከርካሪ ይህን ያህል ይከፍላል የሚል ካለና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ከሰጡዎት ይክፈሉ። ከሌለ ግን፣ ወይም ብሩ ከእጅ ወደ ኪስ የሚሄድ ከሆነ፣ አይክፈሉ፤ ጉዳዩ ለጉባኤ ይቅረብልኝ ብለው በጽሑፍ ያመልክቱና ግልባጩን ለቀበሌ ያስገቡ።

2,000 ብሩ ራሱ ግን አላስደነገጠኝም። አንድ ገልባጭ ገረጋንቲ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ እርስዎም ያውቁታል፤ አንድ የተቀረቀረ መኪና የሚያበላሸውን ለማስተካከል አንድ ገልባጭ አይበቃም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ መክፈል የነበረበት ነጋዴው ነበር። አጠናውን ጭኖ ሄደ፤ ጭቃው ለእርስዎና ለኮሚቴው ቀረ፤ አሁን እርስ በርስ ትካሰሳላችሁ። የሚቀጥለውን ሽያጭ ሲዋዋሉ «ጭነት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብቻ» ብለው ያስጽፉ፤ የመንገድ መያዣ ገንዘብም ይቀበሉት። እምቢ ካለ ሌላ ነጋዴ ይመጣል፤ ባሕር ዛፍ እንደ ቲማቲም አይበሰብስም።

ጥገናው ላይ ልዩነቱን ልብ ይበሉ። መንገዱ በነበረው ስፋት ላይ ቦይ መጥረግ፣ የጎማ ቦይ መድፈን፣ ድንጋይ መደልደል ከሆነ፣ ከደኑ ተጠቃሚዎች ጋር የተፈራረሙበት ቃለ ጉባኤና የቀበሌው ማረጋገጫ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል፤ መንገዱ በወረዳው የገጠር መንገድነት የተመዘገበ ከሆነ ለመንገድ ጽሕፈት ቤቱም ያሳውቃሉ። ማስፋት ካሰቡ ግን ጥገና ማለትዎ ይቀራል። ከደን ላይ መሬት እየወሰዱ ነው፤ ያኔ ወረዳው የግድ ይገባበታል፤ በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም ሊጠቀስብዎት ይችላል። ገረጋንቲውን ከደኑ ጎን ካለው ጉብታ ለመቆፈር አስበው ከሆነም ይተዉት። ቁፋሮው ራሱ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱም በክረምት ውሃ እያጠራቀመ መንገድዎ ላይ ይለቅቀዋል።

ስለ ማስፋት ስናገር የራሴን ኃጢአት ሳልናዘዝ አላልፍም። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ከሐይቁ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ የደን መንገድ እንዲሰፋ የሚል ወረቀት ፊቴ ቀረበ። ሦስት ሜትር የነበረው ስድስት ይሁን ይላል። ቦታው ሄጄ ዛፎቹን ቆጠርኩ፤ የሚነሡት ጥቂት ነበሩና ፈረምኩ። ውሃው የት እንደሚወጣ አልጠየቅሁም። ሲሰፋ ጥላ የሚሰጡት ቅርንጫፎች ወደቁ፣ አፈሩ ተገለጠ፣ የክረምቱን ጎርፍ ሁሉ መንገዱ ተሸከመው። በሦስተኛው ክረምት መንገዱ እስከ ደረት የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። ሰው ደግሞ መሄዱን አያቆምም፤ ከጎኑ ሌላ መንገድ አወጣ፤ እሱም ሲበላሽ ከዚያ ጎን ሌላ። እኔ የፈረምኩት አንድ መንገድ ነበር፤ ደኑ የከፈለው ለሦስት ነው። ዳር የነበረ አንድ ትልቅ ዶቅማ ሥሩ ባዶውን ቀርቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆሞ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ወረቀት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ውሃው በየት ይወጣል?» ነው፤ ዛፍ የምቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ዋንዛዎቹ እንምጣ። አይንኳቸው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ1999፣ ቀጥሎም በ2010 በሌላ ተተክቷል፤ ነገር ግን በማኅበረሰብ ደን ውስጥ የቆመ አገር በቀል ዛፍ ለመኪና መታጠፊያ ተብሎ ይነሣ ቢባል የሚፈርምልዎ ባለሙያ አላውቅም፤ እኔም አልፈርምም። ብሳናው ቢያንስ መጠየቅ ይቻላል፤ ደን የሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጥቶ ዛፉን አይቶ ምልክት ያደርጋል። የጽሕፈት ቤቱን ስም ግን ከሄዱ በኋላ ከበሩ ላይ ያንብቡ። ደን ግብርና ሥር ሲገባና ሲወጣ እኔ ራሴ በሦስት የተለያየ ማኅተም ሠርቻለሁ።

አሁን ያልጠየቁኝን ልመልስ። መኪናው ለምን ይገባል? አጠናና ማገር ነው የሚሸጡት፤ የመርከብ ምሰሶ አይደለም። 600 ሜትር በሰው ሸክምና በጋሪ የሚወጣ ነው። አይሱዙው ጠጠሩ መንገድ ላይ ይቁም፤ እዚያው ዳር መከመሪያ ቦታ ያዘጋጁ፤ ለሸክሙ የሰፈሩን ወጣቶች ይቅጠሩ። የሸካሚውን ሒሳብ ከድንጋዩ፣ ከገረጋንቲው፣ ከኮሚቴው ክፍያና ወረዳ ሲመላለሱ ከሚያጡት ቀን ጋር ያስተያዩት። መታጠፊያ አያስፈልግዎትም፤ ዋንዛዎቹም ይቆማሉ። ኮሚቴውም ግንዱን ለጋሪ የሚበቃ ያህል ያነሣልዎታል፤ ጠብ ያነሣባችሁ መኪናው ነው። መውጫ እንዳይነፈጉ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መውጫውም በጋሪ ስፋት ይበቃዎታል።

የጋሪ መንገድም ቢሆን ጥገና ይፈልጋል። በእኛ አገር ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ ሥራው ግንቦት ሳይወጣ ይለቅ። የጎማ ቦዩ ውስጥ ትልልቅ ድንጋይ እየወረወሩ አይሙሉ፤ ውሃው ድንጋዩን ዞሮ አዲስ ቦይ ይቆርጣል። መጀመሪያ ውሃውን ከመንገዱ ያስወጡ። መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጎርፍ መቀልበሻ፣ ማለትም አፈርና ድንጋይ ተደልድሎ የተጠቀጠቀ ዝቅ ያለ ጉብታ ከነቦዩ፣ ይሥሩ። በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ በየ25 ሜትሩ አንድ፤ 5 ሜትር በሚወርደው ላይ በየ40 ሜትሩ፤ 2 ሜትር ብቻ በሚወርደው ላይ በየ75 ሜትሩ ይበቃል። ጫፉ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ይልቀቅ፤ የጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቀ ሌላ ክስ ይጠብቅዎታል። ከዚያ በኋላ ነው ደቃቅ ድንጋይና ገረጋንቲ የሚለበሰው፤ መሐሉ ከዳሩ ትንሽ ከፍ ብሎ።

ቃለ ጉባኤውን ስታጽፉ አንድ መስመር አይቅር፦ ቦዩንና መቀልበሻውን በየዓመቱ ማን ይጠርጋል፣ በየትኛው ወር። ያየኋቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ ማን እንደሚያልፍ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ማን አካፋ እንደሚይዝ ግን ዝም ይላሉ። እርስዎ ግንቦት ላይ ሁለት ቀን የሰው ጉልበት እችላለሁ ቢሉ፣ በዚያ ልክ ክፍያው እንዲቀነስልዎ መከራከሪያ ይኖርዎታል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። ጓደኞቼና እኔ ተደራጅተን በደኑ ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ አስተካክለን እንግዳ በባጃጅ ወደ ገዳማቱ ልናመላልስ አስበናል። የባጃጁ ሰሌዳም መንጃ ፈቃዱም አለን። ሌላ ምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰሌዳውና መንጃ ፈቃዱ አስፋልት ላይ ያስኬዱሃል። ዘጌ ግን በሰኔ 2007 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጣና ሐይቅ የባዮስፌር ሪዘርቭ አካል ነው፤ እንዲህ ያለ ክልል ጥብቅ የሆነው እምብርቱ፣ ዙሪያው ያለው መከለያና ሰው የሚኖርበትና የሚያለማው የውጭው ክፍል ተብሎ ይለያያል። መንገድህ የትኛውን እንደሚያቋርጥ መጀመሪያ በካርታ አሳዩኝ በል። ከዚያ የገዳማቱ አስተዳደር አለ፣ በቡናው ውስጥ የምታልፍበት ባለይዞታ አለ፣ ከተማ አስተዳደሩ አለ። አንዳቸው ብቻ ቢፈቅዱልህ አይበቃም።

እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ አልደግፍህም። ሞፈር አይግባ፣ ከብት አይርባ የሚለው የዘጌ ልማድ ገዳሙን እንደመሠረቱ ከሚነገርላቸው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ተያይዞ የሚነገር ነው፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ባብዛኛው በእሱ ነው። የቡና ሥር ደግሞ አብዛኛው ከላይ ነው የሚሄደው፤ ባጃጅ ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ቡናው ይጫጫል፣ ባለቤቱም ያኔ ይመጣብሃል። እንግዳው ራሱ በጀልባ አቋርጦ የሚመጣው በጥላው ሥር ሊሄድ አይደል? ይልቅ የእግር መንገዱን ደረጃና ቦይ ሠርታችሁ ጠብቁት፤ አስጎብኚነቱና ቡናው ይሻላችኋል።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አይቻለሁ። ለሕመምተኛ ብቻ ሞተር እንዲገባ በደንብ ተጽፎ ቢፈቀድ የምቃወም አይደለሁም፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ጭምር ተጽፎ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሰኔ በነፋስ የወደቀ ዛፍ የደኑን መንገድ ዘግቶ አደረ። ቆርጬ ላነሣው እችላለሁ ወይስ ፈቃድ ልጠብቅ?

መልስ፦ መንገዱን መክፈትና እንጨቱን መውሰድ አንድ አይደሉም። ሰው እንዳይቸገር መንገዱን የያዘውን ያህል ብቻ ቆርጠው ወደ ዳር ያንከባልሉት፤ የቀረውን ግንድ አይንኩ፤ የተቆረጠውም የደኑ ባለቤት ንብረት ነው። ከመቁረጥዎ በፊት በስልክዎ ሁለት ፎቶ ያንሡ፣ አንዱ ሥሩ ተነቅሎ የሚታይበት ይሁን፤ መጥረቢያ እንዳልጣለው የሚመሰክርልዎ እሱ ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢም የዚያኑ ዕለት ይደውሉ።